ደብዳቤ ለልጄ፦ ፊርማዋን ስላላኖረችው ጓደኛሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በመሥሪያ ቤታችሁ ስላለው የደመወዝ አድልዎ ሴቶቹ በጋራ አቤት እንድትሉ ስታስተባብሪ፣ ከሁሉም አስበልጠሽ የተማመንሽባት ጓደኛሽ ፊርማዋን ለማኖር ፈቃደኛ አለመሆኗ ምን ያህል እንደጎዳሽ ከአጻጻፍሽ ይታወቃል። አሁን ደጋግማ ብትደውልልሽም ስልኳን እንደማታነሺ ነግረሽኛል፤ እህትማማችነት የሚባለውም መድረክ ላይ ሲወጡ የሚናገሩት፣ ሲወርዱ የሚረሱት ነገር እንደሆነ ጽፈሻል። ስለ አድልዎው የያዝሽው አቋም ትክክል ነውና በእሱ አልሟገትሽም። የምሟገትሽ አንድ ዓይነት ውሳኔ ያልወሰነች ሴት እህት ልትሆን አትችልም በሚለው ሐሳብሽ ላይ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ያጠናሽ ልጅ ስለሆንሽ ከዚያው ልነሣ። የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፊ የሶፎክለስን ተውኔት አንቲጎኔን ታስታውሻለሽ። ንጉሡ የአንቲጎኔ ወንድም ሬሳ እንዳይቀበር ባወጀ ጊዜ አንቲጎኔ እህቷን ኢስሜኔን አብረሽኝ ቅበሪ ትላታለች፤ ኢስሜኔም ሴቶች ነን፣ ከገዢዎች ጋር መታገል አንችልም ብላ ትፈራለች። አብዛኛው አንባቢ ፈሪ ብሎ ፈርዶባት ያልፋል። እኔን ዘወትር የሚያሳዝነኝ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። አንቲጎኔ ከተያዘች በኋላ ኢስሜኔ በንጉሡ ፊት ቀርባ፣ ያልሠራችውን ሥራ ሠርቻለሁ ብላ ከእህቷ ጋር ለመሞት ትጠይቃለች፤ አንቲጎኔ ግን ዘግይተሻል፣ በዚህ ሞት ድርሻ የለሽም ብላ ትመልሳታለች። ከአንድ ማኅፀን የወጡ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ኢስሜኔ በፍርሃት፣ አንቲጎኔ በኩራት ምክንያት ሳይገናኙ ቀሩ። የአንቲጎኔን ጀግንነት አልክድም፤ ጀግንነቷ ግን ዘግይታ ለመጣችው እህቷ ቦታ አልነበረውም።

ሴኔጋላዊቷ ማርያማ ባ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ የምናገኘው ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። መጽሐፉ በሙሉ ራማቱላይ ባሏ ከሞተ በኋላ ለልጅነት ጓደኛዋ ለአይሳቱ የምትጽፈው ደብዳቤ ነው። የሁለቱም ባሎች በላያቸው ሌላ ሚስት አግብተዋል። አይሳቱ ልጆቿን ይዛ ወጣች፣ ተማረች፣ በውጭ አገር ኤምባሲ አስተርጓሚ ሆና ራሷን ቻለች። ራማቱላይ ደግሞ ልጆቿ እያሳሰቧት፣ ባሏንም ከልቧ ማውጣት አቅቷት፣ ሳትፈታው ቀረች። በአንድ ዓይነት በደል ላይ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔዎች ናቸው። አይሳቱ አንቺም እንደ እኔ ካልወጣሽ ብላ ልታኮርፍ ትችል ነበር፤ ራማቱላይም ቤትሽን አፈረስሽ ብላ ልትነቅፋት ትችል ነበር። ሁለቱም አላደረጉትም። ባልየው ከአዲሲቱ ሚስቱ ጋር በመኪና ሲንሸራሸር፣ ራማቱላይና ልጆቿ በሕዝብ መጓጓዣ እየተጋፉ እንደሚንገላቱ የሰማችው አይሳቱ አንዲት ፊያት መኪና ገዛችላት። ምክር አልላከችም፤ እስክትፈታውም አልጠበቀችም። ራማቱላይም ፍርሃቷን እያሸነፈች መንዳት ተማረች። ስለ ሴቶች ኅብረት ከሰማኋቸው ብዙ ንግግሮች ይልቅ ይህች መኪና ታሳምነኛለች፤ የተገዛችው የአይሳቱን ውሳኔ ላልተከተለች ሴት ነውና።

እዚህ ላይ ልትመልሺልኝ የምትችዪውን አውቃለሁ፤ እንዲህ ከሆነ ማንም ከምንም ነገር ቢቀር ይቅር እንበለው ወይ ትዪኛለሽ። አይደለም። በኅብረት ስም የሚደረግ በደልም አለ፤ እሱን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1913 በዋሽንግተን የአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጠን ብለው ታላቅ ሰልፍ ሲወጡ፣ አዘጋጆቹ የደቡብ ግዛቶችን ነጭ ሴቶች እንዳያስቀይሙ ብለው ጥቁሮቹ ከኋላ እንዲሰለፉ ጠየቁ። በባርነት ዘመን የተወለደችውና ጥቁሮች ያለ ፍርድ መገደላቸውን በማጋለጥ የታወቀችው ጋዜጠኛ አይዳ ቢ. ዌልስ አሻፈረኝ አለች። ሰልፉ ከተጀመረ በኋላ ከተመልካቹ መካከል ወጥታ ከራሷ ግዛት ከኢሊኖይ ሴቶች ጋር ተቀላቀለች፤ ከእነሱም ሁለት ነጭ ሴቶች ግራና ቀኟን ሆነው አብረዋት ተጓዙ። ያን ቀን ስለ እህትማማችነት የተናገሩ ብዙዎች ነበሩ፤ በሥራ ያሳዩት ግን እነዚያ ሁለቱ ናቸው። የአንቺ ጓደኛ ግን ማንንም ወደ ኋላ አልገፋችም፤ ፈራች እንጂ። ይህን ልዩነት እንድታዪልኝ እፈልጋለሁ።

ኅብረት ከትውውቅም ሊያልፍ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልጨምርልሽ። ጥቁር አሜሪካዊቷ ዞራ ኒል ኸርስተን በ1930ዎቹ ስሟ የገነነ ደራሲ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ስትሞት ግን በድህነት ነበር፣ መቃብሯም ምልክት ሳይደረግበት ቀረ። ከሞተች ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ በሕይወት ሳለች አግኝታት የማታውቀው ወጣቷ ደራሲ አሊስ ዎከር ወደ ፍሎሪዳ ሄደች። ሰዎቹ የሚያውቁትን እንዲነግሯት የእህቷ ልጅ ነኝ እያለች ጠየቀች፤ ረጅም ሣር በወረሰው የመቃብር ቦታ ውስጥ እየተደነቃቀፈች ፈለገች፤ የተመኘችው የድንጋይ ዓይነት ከአቅሟ በላይ ስለሆነ ርካሹን መርጣ «የደቡብ ሊቅ» የሚል ቃል አስቀረጸችበት። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው የትውልድ ዓመት 1901 ነው፤ ኸርስተን ዕድሜዋን ትቀንስ ስለነበር እንጂ ትክክለኛው 1891 መሆኑ በኋላ ታውቋል። ስሕተቱ እስከ ዛሬ እዚያው አለ፤ እኔ በበኩሌ ይህ ቅር አይለኝም፣ እንዲያውም ደራሲዋን ፈገግ የሚያሰኛት ይመስለኛል። ዎከር ያገኘችውን በ1975 በመጽሔት ላይ ጽፋ አወጣች፤ ተረስተው የነበሩት የኸርስተን መጻሕፍትም እንደገና ታትመው አንባቢ አገኙ። እንግዲህ የእህት ልጅ ነኝ ያለችው ውሸቷን ነበር፤ የሠራችው ሥራ ግን የሥጋ ዘመድ እንኳ ያላደረገውን ነው።

ሁሉም ሴቶች አንድ ልብ እስኪሆኑ ቢጠበቅ ኖሮ ብዙ ነገር ባልተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በላይቤሪያ የእርስ በርስ ጦርነት እንዲቆም ነጭ ለብሰው አደባባይ የተቀመጡት ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች በእምነት አይገናኙም፤ ለሰላሙ ግን አብረው ተቀመጡ።

ስለዚህ ጓደኛሽ ስትደውል አንሺላት። አንቺ ሥራሽን ብታጪ ወደ እኛ መመለስ ትችያለሽ፤ እሷ ወዴት እንደምትመለስ ግን ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? አልፎ አልፎ ስለ ታናናሽ ወንድሞቿ የትምህርት ክፍያ ትነግሪኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ፊርማዋን ባታኖርም ለአቤቱታው የሚሆን የደመወዝ ሰነድ ወይም ምስክርነት ልትሰጥ ትፈቅድ ይሆናል፤ ምናልባትም የምትደውልልሽ ለዚሁ ነው። እንዲያ ከሆነ ግን ስሟን ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለእኔም ቢሆን አትጻፊልኝ። አቤቱታው የት እንደደረሰና መልስ የሚሰጡበትን ቀን ግን አሳውቂኝ። አባትሽ ሰላም ብሎሻል።

እናትሽ