ለእማዬ፣ ስለ ማሙሽ ክኒን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በየሳምንቱ እየደወልኩ ደብዳቤ መጻፌ ቢገርምሽ አይፈረድብሽም። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገሽ ስለምታወሪ ቤት ያለው ሁሉ ይሰማል። ይሄ ደግሞ ቡና ላይ የሚሰማ ጉዳይ አይደለም። መነጽርሽን አድርጊና ለብቻሽ አንብቢው።

ለሰፈር ሰው «ልጄ አሜሪካ ነርስ ናት» እንደምትይ አውቃለሁ። አልተቀየምኩም፤ «የእብድ ሐኪም» ከምባል ብለሽ ነው። ነርስም ሐኪምም አይደለሁም። ሥራዬን አንድም ቀን በደንብ ነግሬሽ ስለማላውቅ ጥፋቱ የኔ ነው። ልንገርሽ፤ ከዚያ ስለ ወንድሜ ስለ ማሙሽ የምለምንሽ ነገር አለ።

የምሠራው ኦክላንድ ከተማ፣ በመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደር የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ነው። ለግል ሐኪም መክፈል የሚችል ሰው እኛ ጋ አይመጣም። የኛዎቹ ሜዲካል የሚባለው የድሆች መድን ያላቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ ድንኳን ወይም መኪና ውስጥ ነው የሚያድሩት። መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን የለኝም፣ እሱ የሳይካትሪስቱ፣ የአእምሮ ሐኪሙ ነው። እኔ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ከቀጠሮ የቀረ ካለ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ድልድይ ለድልድይ እፈልጋለሁ፣ ነርሷ በወር አንዴ የሚወጋውን መርፌ ይዛ ከጎኔ አለች። ባለፈው አንዱን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጅቶብን፣ ይሞቃል ብሎ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተጠቅልሎ ተኝቶ አገኘነው። ማታ የዋልኩበትን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ እጽፋለሁ፤ ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው። ከሥራዬ ሁሉ የምጠላው ይሄንን ነው።

አማርኛ የሚናገር ሰው ሲመጣ እኔን ይጠሩኛል። አንዲት እናት ነበሩ፤ ስማቸውን አልነግርሽም፣ ሕጉም አይፈቅድልኝ። ከምራታቸው ተጣልተው ሳህን ሰባብረው ነው የመጡት። በስልክ አስተርጓሚ ሲጠየቁ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አሉ፣ አንቺም እኔም እንደምንለው። አስተርጓሚው «ሰይጣን ስበሪ አለኝ» አድርጎ አቀበለው። ፋይላቸው ላይ ድምፅ ይሰማቸዋል ተብሎ ተጻፈ! እኔ ሳናግራቸው የሚሰማቸው ድምፅ የለም። ልጃቸው ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል፤ ሴትዮዋ ከሰው ጋር ሳያወሩ ይመሻል፣ እንቅልፍ ካጡ ወር አልፏቸዋል። ድባቴ ነበር። ያቺን አንዲት መስመር ለማስቀየር ስመላለስ ሁለት ወር ሄደ።

እዚህ ካሊፎርኒያ 5150 የሚባል የሕግ ቁጥር አለ። ልጆች ሳይቀሩ ይሰዳደቡበታል፣ የኛ ሰፈር ልጆች በአማኑኤል እንደሚሰዳደቡት። ሕጉ በፈረንጆቹ 1967 የወጣ ነው፤ በፊት ሰው ሆስፒታል ገብቶ ለዓመታት ይቆለፍበት ስለነበር ያንን ለማስቀረት ነው የመጣው። አሁን ሰውን ያለ ፈቃዱ መያዝ የሚቻለው ራሱን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ከሆነ፣ አለዚያም በሕመሙ የተነሳ እንደ መብላት፣ መልበስና መጠለል ያለውን መሠረታዊ ፍላጎቱን ማሟላት ካቃተው ነው። ያውም መጀመሪያ ላይ እስከ 72 ሰዓት ብቻ። ወረቀቱን ፖሊስ ወይም ካውንቲው፣ ማለት የአካባቢው አስተዳደር፣ የፈቀደለት ባለሙያ ይፈርማል። እኔም እፈርማለሁ።

መጀመሪያ የፈረምኩበት ልጅ የማሙሽ እኩያ ነበር። 72 ሰዓቱ ሲያልቅ ጥቂት ክኒንና የአውቶቡስ ትኬት ይዞ ብቻውን ወጣ። በር ላይ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። ያን ማታ የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ክረምታችሁ ትዝ አለኝ። ማሙሽ ሌሊት ተነስቶ ጫካ እንዳይገባብሽ የነጠላሽን አንድ ጫፍ ከእጁ፣ አንዱን ከእጅሽ ቋጥረሽ ነበር የምትተኚው፤ ሁለት ሱባዔ ሙሉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ቅዳሜ መጥቼ ሰው ፊት «ኋላ ቀር» ብዬሽ ተመለስኩ፣ ዶርሜ ገብቼ ተኛሁ። አንድም ቀን አንስተሽብኝ አታውቂም። ይቅር በዪኝ እማዬ።

መድኃኒት ያስፈልገዋል ያልኩትን ግን አልመልሰውም።

ማሙሽ ክኒኑን አቁሟል። እንዳትቆጪው፣ እኔ ነኝ ያወጣጣሁት። ባለፈው ሲደውልልኝ እናንተ ጋ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ያኔ ነው የጠረጠርኩት። አጥማቂው «ወይ ጠበሉን ወይ ክኒኑን ምረጥ» ብለውታል። ያቆመ ሰው ብዙ ጊዜ ወዲያው አይወድቅም። እንዲያውም ለሳምንታት ፊቱ ይፈታል፣ ይጫወታል፣ ሰውም ዳነ ይላል። ቀድሞ የሚሸሸው እንቅልፉ ነው። ማታ ስንት ሰዓት እንደሚተኛና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ልብ ብለሽ ያዢልኝ።

ክኒኑን መጥላቱ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መንጋጋው ይገተራል፣ ቀኑን ሙሉ ይደነዝዛል። እውነቱን ነው። ይሄንኑ ለሐኪሙ ቢነግረው መጠኑን ሊቀንስለት ወይም ሊቀይርለት ይችላል፤ በወር አንዴ የሚወጋም አለ። ባቆመበት መጠን ራሱ እንዳይጀምር፣ መጀመሪያ ይታይ።

ጠበሉን ይተው አላልኩም። ጠበሉ ጠዋት በባዶ ሆድ ነው፣ ክኒኑ ማታ፤ የት ተገናኝተው ይጣላሉ? የኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ እንጦጦ ላይ ይሄው ክርክር ነበር፤ በ1999 አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ አላሉም? ደግሞ አንቺ የግፊት ክኒንሽን በጠበል ስትውጪ በዓይኔ አይቻለሁ! ከአጥማቂው ጋር አትከራከሪ፣ የነፍስ አባታችንን ላኪባቸው።

ለታክሲና ለመድኃኒት ልኬልሻለሁ። ሐሙስ ካርዱን ይዛችሁ በጠዋት አማኑኤል ድረሱ፣ ሰልፉን ታውቂዋለሽ። «አሞሃል» ብለሽ አትጀምሪ፣ ይሸሽሻል። እሱን ያማረረው እንቅልፉ ነው፤ «እንቅልፍህን ይዩልህ» በዪው። እኛም ድልድይ ስር ያለውን ሰው ስለሚሰማው ድምፅ አንጠይቀውም፣ መጀመሪያ የጫማ ቁጥሩን ነው የምንጠይቀው። እምቢ ካለም አትጎትቺው፣ አብረሽው ቁርስ ብዪና ማግስቱን ደግመሽ ሞክሪ።

ሰው ሊመታ ወይም ራሱን ሊጎዳ ካሰበ ግን ሐሙስን አትጠብቂ። አጎቴን ጥሪና ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት፤ እኔንም ቀስቅሺኝ።

እሑድ እደውላለሁ። ስፒከሩን አጥፊና ስልኩን ለማሙሽ ስጪው።

ልጅሽ