ደብዳቤ ለልጄ፦ ለምትፈጥራቸው መላእክት

ሐዋሳ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እኅትህም ሰላም ብላሃለች። በቴሌግራም የላክህልኝን ገጾች በሙሉ አንብቤያቸዋለሁ። አዳማ ካሉት ጓደኞችህ ጋር ለምትጫወቱት፣ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ታሪኩን በጋራ ለሚያስኬድበት የሚና ጨዋታ የሰማይ ፍጥረታትን አፈ ታሪክ የማዘጋጀቱ ሥራ ለአንተ እንደ ደረሰህ፣ እኔም የመሪጌታ ልጅ ስለሆንሁ ምክሬን እንደምትፈልግ ጽፈሃል። ጉዳዩ ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤ ያለበት ስለሆነ በስልክ አቋርጬ ከምነግርህ ጊዜ ወስጄ ብጽፍልህ ይሻላል ብያለሁ።

አክስትህ ወሬውን ሰምታ «በመላእክት ስም ይጫወታሉ እንዴ?» ብላ መደንገጧን ሳልነግርህ አላልፍም። ስጋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። በ1974 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው የአሜሪካው የሚና ጨዋታ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1980ዎቹ ከብዙ ወላጆች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት፣ በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትሙ የአጋንንቱን የተለመዱ መጠሪያዎች አውጥቶ በፈጠራ ስሞች ተክቷቸው ነበር። እኔ ድንበሩን የማሰምረው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሰው ተስሎ የሚማጸነውን፣ በጭንቁ ሰዓት የሚጠራውን መልአክ በጨዋታችሁ ውስጥ አታስገባ። ጎረቤታችን ልጇ በታመመ ጊዜ ስሙን እየጠራች ያለቀሰችለትን መልአክ «ጉልበቱ አሥራ ስምንት» ብሎ በሠንጠረዥ ማስፈር አይገባም። ከጓደኞችህ መካከል ሙስሊሞች ስላሉ ጅብሪልንና ኢስራፊልንም እንዲሁ ተዋቸው። ስማቸውን ተወውና የተነገረላቸው ታሪክ እንዴት እንደ ተገነባ ተማር፤ አባቶቻችን በዚህ በኩል ያቆዩልን ሀብት ለማንኛውም ፈጣሪ ጸሐፊ ይተርፈዋል።

አሁን ወደ ገጾችህ ልምጣ። የእሳት መልአክ፣ የውሃ መልአክ፣ የነፋስ መልአክ፣ የሞት መልአክ እያልህ ብዙዎችን ዘርዝረሃል፤ የክንፋቸው ቀለምና የሰይፋቸው ርዝመት ሳይቀር ተገልጿል፤ ሥዕሎቹም ያምራሉ። ይሁን እንጂ አንዱን ከሌላው የምለይበት ከቀለሙ በቀር ምንም አላገኘሁም። የእሳቱን መልአክ ታሪክ ለነፋሱ ብሰጠው የሚበላሽ ነገር የለም። ዝርዝርህ የጎደለው ሁሉም በአንድ ላይ የተፈተኑበት ቀን ነው።

አያትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት የሚናገረውን አክሲማሮስን ሲተርኩልን ከከተሞቹ ይጀምሩ ነበር። መላእክት በዕለተ እሑድ ተፈጠሩ፤ በኢዮር አራት፣ በራማ ሦስት፣ በኤረር ሦስት ከተማ ተሰጣቸው፤ በየከተማው አሥር አሥር ነገድ ሰፍሮ ነገዳቸው መቶ ሆነ። አጋእዝት፣ ኪሩቤል፣ ሱራፌልና ኃይላት በኢዮር፤ አርባብ፣ መናብርትና ሥልጣናት በራማ፤ መኳንንት፣ ሊቃናትና መላእክት በኤረር ይኖራሉ። በዲዮናስዮስ ስም የሚጠራው የግሪክ መጽሐፍ ዘጠኝ ማዕረግ ሲቆጥር የአይሁዱ ሊቅ ማይሞኒደስ ደግሞ አሥር ስለሚቆጥር፣ በቁጥሩ ብዙ አትጨነቅ። አያትህ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ከዚህ ቀጥሎ ነበር። ፈጣሪ መላእክቱን ከፈጠረ በኋላ ተሰወራቸው። እነርሱም «ማን ፈጠረን? ከየትስ መጣን?» ብለው ተጠያየቁ። ከሁሉም በላይ የነበረው የአጋእዝት አለቃ ሳጥናኤል ወደ ላይ ቢመለከት ከእርሱ የሚበልጥ አላየም፤ «እኔ ፈጠርኋችሁ» አለ። ያን ጊዜ ግራ የገባው፣ የሚይዘውን የሚጨብጠውን ያጣው የሰማይ ሠራዊት ተናወጠ፤ «አዎን፣ ፈጥረኸናል» ያለ ነበረ፤ «ይሆን ወይስ አይሆን?» ብሎ የተጠራጠረ ነበረ፤ «አልፈጠርኸንም» ያለ ነበረ። ገብርኤል በመካከል ቆሞ «አምላካችንን እስክናገኘው ድረስ በያለንበት ጸንተን እንቁም» አለ።

ልብ ብለህ ብትመለከተው በዚህ ትረካ ውስጥ ስለ ክንፍ የተነገረ ነገር የለም። ለሁሉም አንድ ጥያቄ ቀረበላቸው፤ እያንዳንዳቸው ማን እንደሆኑ የታወቀው በሰጡት መልስ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሳጥናኤል ወይም ስለ ገብርኤል የሚነገረው ሁሉ ከዚያች ሰዓት የሚቀዳ ነው። አንተም ለዓለምህ እንዲህ ያለ ሰዓት ጻፍለት። ምድርህ በታላቅ ሐይቅ ዙሪያ የተዘረጋች ስለሆነች፣ ሐይቁን የፈጠረው ድምፅ አንድ ቀን ዝም አለ እንበል። የእሳቱ መልአክ ሌሎቹ በጨለማ እንዳይፈሩ ብሎ ያልታዘዘውን ብርሃን ለኮሰ። የውሃው መልአክ ማንንም ሳይጠይቅ የትናንቱን ሥራ ዛሬም ሠራ። የነፋሱ ድምፁን ፍለጋ ወጥቶ እስካሁን አልተመለሰም። የሞቱ መልአክ ደግሞ «ያለ ትእዛዝ አንዲት ነፍስ አልወስድም» ብሎ እጁን አጣጠፈ። ተመልከት፤ አሁን የጓደኞችህ ገጸ ባሕርያት ከእርሱ ግዛት ወደ ሆነች አንዲት መንደር ቢደርሱ፣ ማንም ሞቶ የማያውቅባት፣ ሽማግሌዎቿ በሕመም እየተሠቃዩ ዕረፍት የሚለምኑባት ቦታ ያገኛሉ። መልአኩን ክፉ ነው ልትለው አትችልም፤ ታማኝነቱ ግን ሰው እያስጨነቀ ነው። ጨዋታው እዚያ ጋ ይጀምራል።

የተጠራጠሩትን በተለይ አትርሳቸው። ጻድቁና ከሐዲው መልሳቸውን አስቀድመው ስለሰጡ ተጫዋቹ የሚጨምርላቸው ነገር ጥቂት ነው፤ ያልወሰነውን መልአክ ግን ሰው ሊያሳምነው፣ ሊያስተውም ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሥራ ድርሻና የሥልጣን ወሰን ነው። መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉ የተጠበቀው በግእዝ መሆኑን፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ እስኪያደርስ ድረስም የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን እንዳላዩት ታውቃለህ። ምዕራፍ 20ን አውጥተህ አንብበው። እዚያ የተዘረዘሩት ቅዱሳን መላእክት እያንዳንዳቸው የተሾሙበት ነገር አላቸው፤ አንዱ በሰው መናፍስት ላይ፣ አንዱ በገነትና በኪሩቤል ላይ ተሹሟል። የአይሁድ ሊቃውንትም አንድ መልአክ ሁለት መልእክት አይፈጽምም ይላሉ። ይህን ሕግ ለጨዋታችሁ ብትወስደው ብዙ ይጠቅምሃል፤ ምክንያቱም ሁሉን የሚችል መልአክ በመጣ ቁጥር ተጫዋቾቹ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ሊያድን የተላከ ሊቀጣ አይችልም፤ መንገድ ሊያሳይ የተላከ ሰው ሲሰጥም እያየ እጁን መዘርጋት አይፈቀድለትም። ለእያንዳንዱ ፍጥረት ከሚችለው ይልቅ የማይችለውን አስቀድመህ ጻፍ።

የሰማይ ፍጥረታትም ይዘገያሉ፤ መንገድ ይዘጋባቸዋል። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 10 ለነቢዩ መልስ ይዞ የተላከው መልአክ የፋርስ መንግሥት አለቃ ሃያ አንድ ቀን እንደ ተቋቋመውና ሚካኤል መጥቶ እንደ ረዳው ይናገራል። ዳንኤል በምድር ሲጾምና ሲያዝን፣ በላይ ምን እንደሚካሄድ አላወቀም ነበር። ጸሎቱ የተሰማው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲሆን መልሱ ግን ሳምንታት ፈጅቷል። የአንተ ገጸ ባሕርያት እርዳታ ለምነው ሲዘገይባቸው፣ «ተረስተናል» ብለው ሲጣሉ፣ አጫዋቹ አንተ ብቻ መልአኩ የት እንደ ታገተ የምታውቅበት ምሽት ቢኖር ደስ ይለኛል።

ስለ ወደቁት የጻፍኸው ግን አላረካኝም፤ ጥቁር ክንፍ ሰጥተህ፣ ቀንድ አብቅለህ አልፈሃቸዋል። ሄኖክ ትጉሃን ስለሚላቸው፣ ከሰማይ ስለ ወረዱት መላእክት የሚናገረውን እስቲ አስተውለው። ሁለት መቶ ሆነው በአርሞንኤም ተራራ ላይ ወረዱ፤ የበደላቸውም አንዱ ክፍል ማስተማር ነበር። አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ፣ የደረት ጥሩርም መሥራትን፣ አምባርንና ጌጥን፣ ዓይን መኳልን አስተማረ፤ ሌሎቹም ሥር መቁረጥንና ከዋክብትን ማንበብን አስተማሩ። ምድር በደም የተሞላችው ሰዎች ያልተፈቀደ እውቀት በእጃቸው ስለገባ ነው። ይህ ከቀንድ ይልቅ የሚያስፈራ ነው። በዓለምህ ውስጥ ብረት ማቅለጥ የወደቀ መልአክ ስጦታ ቢሆን፣ የጓደኞችህ ጀግኖች በወገባቸው የታጠቁት ሰይፍ ሁሉ ምንጩ ከእርሱ ነው ማለት ነው። አንድ ካህን በር ላይ አስቁሞ «ይህን ይዛችሁ አትገቡም» ቢላቸው ምን ይመልሳሉ? ባለ ሃያ ፊቱ ዳይስ ያን ጥያቄ አይመልስላቸውም።

አሁን ደግሞ ወደ ሰዎቹ ውረድ። ከገጾችህ ውስጥ ሰው የለም፤ መላእክቱ ብቻቸውን በሰማይ ተቀምጠዋል። ጳጉሜን 3 ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናብ በጣለ ጊዜ ልብስህን አውልቀህ ከሰፈር ልጆች ጋር በግቢው ውስጥ ትሮጥ እንደነበር ታስታውሳለህ፤ እኔም ባልዲ አውጥቼ ከጣራው የሚወርደውን ውሃ እቀዳ ነበር። የሚታመነው ነገር በባልዲና በእርጥብ ፀጉር ይታያል። ለምትፈጥረው እያንዳንዱ ፍጥረት ሰዎች በየትኛው ቀን ምን እንደሚያደርጉለት፣ ምን ከመብላት እንደሚከለከሉ፣ ልጆች በምን እንደሚደሰቱበት ጻፍ። በታኅሣሥ 19 እዚህ ሐዋሳ ገብርኤል የሚመጣውን ሕዝብ አይተኸዋል። ከሩቅ አገር ተነሥቶ፣ ጥላና ጧፍ፣ መጋረጃና ዕጣን ይዞ ስለቱን ሊያገባ የሚመጣው ሰው አስቀድሞ የለመነ፣ ከዚያም የተቀበለ፣ አሁን ደግሞ ቃሉን የሚፈጽም ነው። ይህን ሥርዓት ወደ ጨዋታ ሕግ ብትለውጠው መልካም ይመስለኛል። ገጸ ባሕርዩ ከአንድ የሰማይ ፍጥረት እርዳታ ሲጠይቅ ስለቱን ጮክ ብሎ ይናገር፤ የተሳለውም በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ እስኪያገባ ድረስ ከዚያ ፍጥረት ሁለተኛ ነገር መጠየቅ አይችል። ስለቱ የገንዘብ ብቻ እንዳይሆን ተጠንቀቅ። «ወንድሜን ይቅር እላለሁ» ብሎ የተሳለ ሰው ከወርቅ የከበደ ዕዳ አለበት።

ለመልካቸው ደግሞ ከውጭ አገር ሥዕል አትቅዳ። ኪሩቤል የሰው፣ የአንበሳ፣ የላምና የንስር ገጽ እንዳላቸው ስታነብ፣ ነቢዩ ሕዝቅኤል የዘመኑ ሰዎች በዓይናቸው ከሚያውቁት እንስሳ መጀመሩን አስተውል። አንተ ያደግኸው በዚህ ሐይቅ ዳር ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄደህ አባ ኮዳን ተመልከተው፤ ራሱ የተመለጠ፣ አንገቱ ሥር ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ከሰው ወገብ በላይ የሚደርስ ወፍ፣ ዓሣ አራጆቹ አጠገብ ዝም ብሎ ይቆማል። አይሻማም፤ አይሸሽም። አራጁ የዓሣውን አንጀት ሲጥልለት ብቻ አንገቱን ይዘረጋል። ሰው የጣለውን ብቻ የሚወስድ፣ ያልተጣለለትን የማይነካ የሰማይ ፍጥረት ከዚያ ይወጣል፤ ሰዎች ያፈሩበትን ኃጢአት፣ የረሱትን ሙታን፣ የካዱትን ልጅ እየሰበሰበ የሚያኖር። ይህ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝን ይቀበላል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የተሰበሰበው ነገር የት እንደሚቀመጥ ለማሰብ ከዚህ በላይ ቦታ አትፈልግ።

የሲዳማን ነገር ከጓደኛህ ጋር ተመካከርበት። ፍቼ ጫምባላላ የሚውልበት ቀን በከዋክብት አዋቂ ሽማግሌዎች ተጠንቶ እንደሚታወጅና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ እንደ ተመዘገበ አንተም ታውቃለህ። በዓሉን ነቅለህ ወደ ጨዋታ አታስገባው፤ የባለቤቶቹ ነውና። ነገር ግን በዓል በወረቀት ላይ ከታተመ ቀን ይልቅ ሰማይን በሚያነብ ሰው ቃል ሲወሰን ለዓለምህ ምን እንደሚያተርፍለት አስብ፤ አንባቢው ቢዋሽ ወይም ቢሞት፣ ሰውም መልአኩም በዓሉን አያውቁትም።

ስዕሎቹን አትጣላቸው፤ እኅትህ የእሳቱን መልአክ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። የሚቀጥለውን ስትልክልኝ ግን የፈተናውን ቀን ብቻ ጻፍልኝ፤ ገጹ ሁለት ቢሆን ይበቃል። ከዝርዝርህ መጨረሻ ላይ ስም ብቻ ሰጥተህ የተውሃት፣ የሌሊት ጠባቂዋ፣ ድምፁ ዝም ባለ ጊዜ ምን እንዳለች ማወቅ እፈልጋለሁ።

እናትህ