የተደበቀ ትሪገር በንብረት ኃላፊ ላይ ያመጣው ጣጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

መሥሪያ ቤቶች የንብረት መዝገባቸውን ወደ ኮምፒውተር በሚያዛውሩበት በዚህ ጊዜ፣ ሶፍትዌር ሲረከቡ ስለማይጠይቁት አንድ ጉዳይ ልጻፍላችሁ።

ትሪገር በዳታቤዙ (የሶፍትዌሩ መረጃ በሠንጠረዥ በሠንጠረዥ በሚቀመጥበት ቋት) ውስጥ ተጽፎ የሚቀመጥ ትእዛዝ ሲሆን፣ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ መረጃ ሲገባ፣ ሲለወጥ ወይም ሲሰረዝ ማንም ሳይጠራው በራሱ ይሠራል። «ቃታ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ትርጉሙ ባይከፋም፣ ቃታን የሚስበው ጣት ይታያል፤ ይኸኛው ግን አይታይም።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ጎንደር እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት 120 ካርቶን የሕክምና ጓንት በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆነ። ፕሮግራሙ ከተሻሻለ በኋላ የመጀመሪያው ገቢ ነበር። በቆጠራ ጊዜ ኮምፒውተሩ 240 አለ። የንብረት ክፍል ኃላፊው ቢን ካርዳቸውን (የዕቃውን ገቢና ወጪ በእጅ የሚመዘግቡበትን ካርድ) ይዘው ሦስት ጊዜ ቢቆጥሩም ከ120 አላለፈላቸውም፤ ወረቀቱም 120 እያለ የታመነው ኮምፒውተሩ ስለነበር፣ ስለ ጉድለቱ ማብራሪያ እንዲሰጡ በደብዳቤ ተጠየቁ። ኋላ ስንመረምረው የተሻሻለው ፕሮግራም ገቢውን ራሱ ይደምራል፤ ቀድሞ የሠራው ባለሙያ የተወው ትሪገርም ያንኑ ገቢ እንደገና ይደምራል። ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን አገላብጠን ያጣነውን፣ በማይኤስኪውኤል (መሥሪያ ቤቱ በሚጠቀምበት የዳታቤዝ ሶፍትዌር) ላይ «ሾው ትሪገርስ» የሚለው የአንድ መስመር ትእዛዝ ወዲያው አወጣው።

ይህን ስል ትሪገር ይቅር ማለቴ አይደለም። የንብረት መጠን ወይም ዋጋ በተለወጠ ቁጥር የቀድሞውንና አዲሱን ቁጥር ከነሰዓቱ በሌላ ሠንጠረዥ የሚመዘግብ ትሪገር ለኦዲት ትልቅ አጋዥ ነው፤ ከለውጡ ጋር በአንድ ትራንዛክሽን (አብሮ በሚጸና ወይም አብሮ በሚሻር የሥራ ጥቅል) ስለሚሠራም፣ ምዝገባው ከተሰናከለ ለውጡ ራሱ ይሻራል። ሆኖም ሠራተኛው ሁሉ በአንድ የዳታቤዝ አካውንት የሚገባ ከሆነ፣ ትሪገሩ በራሱ የሚያውቀው ያንኑ አንድ ስም ብቻ ነው። በማይኤስኪውኤል ደግሞ ሠንጠረዡን «ትራንኬት» በሚለው ትእዛዝ ባዶ ያደረገ ሰው የስረዛውን ትሪገር አይቀሰቅስም።

ስለዚህ የርክክብ ኮሚቴዎች የእያንዳንዱ ትሪገር ስም፣ የተቀመጠበት ሠንጠረዥ፣ ከለውጡ በፊት ወይም በኋላ መሥራቱና የተጻፈበት ምክንያት በዝርዝር ካልቀረበላቸው እንዳይፈርሙ አጥብቄ እጠይቃለሁ። የንብረት ኃላፊው ከጥርጣሬው ነጻ ቢወጡም፣ ያ የማብራሪያ ደብዳቤ ሥራውን እስከለቀቅሁበት ቀን ድረስ ከግል ማኅደራቸው አልወጣም ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዳታቤዝ ባለሙያ፣ ከጎንደር