የትርፍ ሪፖርት ወቅት የወሬ ወቅት እንዳይሆን

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባንኮች የበጀት ዓመታቸውን ሰኔ ላይ ዘግተው፣ ሒሳባቸውን በውጭ ኦዲተር አስመርምረው፣ ጠቅላላ ጉባኤ እስኪጠሩ ድረስ ባለው ጊዜ፣ ማለትም በአብዛኛው እስከ ጥቅምትና ኅዳር፣ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የአክሲዮን ወሬ ይደራል። «እገሌ ባንክ ዘንድሮ ትርፉን አሳድጓል» የሚል ቃል ከፒያሳ ሱቆች ተነሥቶ በቴሌግራም ሲዛመት፣ ነጋዴውም ጡረተኛውም ያጠራቀመውን ይዞ ሻጭ ፍለጋ ይወጣል። ሪፖርት የሚወጣበት ወቅት አንብቦ ለሚገዛ ሰው መልካም ዕድል እንደሆነ አምናለሁ፤ የሚያሳስበኝ ሪፖርቱ ሳይነበብ ገንዘቡ መውጣቱ ነው። ባቲ ገበያ ወርዶ ጥርሱን ሳያይ ግመል የሚገዛ ሰው የለም።

ለስሌት እንዲመች አንድ ባንክ እናስብ። አምና 2 ቢሊዮን ብር አትርፎ፣ ዘንድሮ 2.4 ቢሊዮን አተረፈ፤ ዕድገቱ 20 በመቶ ነውና ወሬው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የባንኮች ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ካደረገው በኋላ ብዙዎቹ አዲስ አክሲዮን ሲሸጡ ቆይተዋል። የዚህ ባንክ የተከፈለ ካፒታልም (ባለአክሲዮኖች ለአክሲዮን የከፈሉት ገንዘብ) ከ4 ወደ 6 ቢሊዮን አድጎ ከሆነ፣ አምና ለአንድ ባለ 1,000 ብር አክሲዮን 500 ብር የነበረው ትርፍ ዘንድሮ 400 ብር ብቻ ነው። ከዚያም ላይ 25 በመቶው፣ መጠባበቂያው ከካፒታሉ እኩል እስኪሆን ድረስ፣ ለሕጋዊ መጠባበቂያ ስለሚቀመጥ የቀረው 300 ብር ይሆናል፤ የትርፍ ድርሻው ግብር ገና አልተነሣም። በወሬው ተገፋፍቶ አክሲዮኑን በ1,500 ብር የገዛ ሰው፣ 300ውን ሙሉ በሙሉ ቢከፈለው እንኳ፣ የሚያገኘው ከገንዘቡ 20 በመቶ ነው፤ በ1,000 ብር የገዛው ግን 30 በመቶ።

ትርፉ ከየት እንደመጣ መጠየቅም ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ የብር ዋጋ ከወረደ በኋላ፣ ከዕዳው የበለጠ የውጭ ገንዘብ በእጁ የነበረ ባንክ በብር ሲሰላ ትርፍ ያገኛል። ይህ ሕጋዊ ትርፍ ነው፤ ሆኖም ከብድርና ከአገልግሎት እንደሚገኘው በየዓመቱ የሚጠበቅ አይደለም።

አሜሪካን አገር ኩባንያዎች ሪፖርት የሚያወጡት በየሦስት ወሩ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2022 የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ውጤቱን ባሳወቀ ማግሥት አክሲዮኑ በአንድ ቀን 26 በመቶ ወረደ፤ በዓመቱ ደግሞ ሌላ ሪፖርት ተከትሎ 23 በመቶ ያህል ወጣ። የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 ሽያጩ ከእጥፍ በላይ ማደጉን ቢያሳውቅም በማግሥቱ ዋጋው 6 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ገዢዎች ከዚያም የበለጠ ጠብቀው ነበርና። ከሪፖርቱ ዋዜማ ገዝቶ በማግሥቱ ለመሸጥ የሚያስቡ የከተማችን ወጣቶች ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።

በአገራችን ጥር 2 ቀን 2017 አክሲዮንና የመሳሰሉት የሚገበያዩበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ በቀዳሚነት ተመዝግቦበታል። በገበያው የተመዘገበ ኩባንያ ሪፖርቱን ለሁሉም እኩል የመግለጽ ግዴታ አለበት፤ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ደግሞ ለሕዝብ ባልተገለጸ የውስጥ መረጃ መገበያየትን ይከለክላል። ስለዚህ «ከውስጥ ሰው ሰማሁ» ብሎ የሚያሻሽጥ ደላላ፣ የሰማው እውነት ቢሆን እንኳ፣ ገዢውን ወደ ጥፋት እየጎተተው ነው። ከሰኔ በኋላና ከጉባኤው በፊት የሚገዛ ሰውም ያለፈው ዓመት የትርፍ ድርሻ ለሻጩ ይሁን ለእርሱ በውሉ ላይ በግልጽ ማስፈር አለበት፤ በዚህ ጉዳይ ወዳጆች ሲጣሉ አይቻለሁ።

ጋዜጣዎ በጥቅምትና በኅዳር የእያንዳንዱን ባንክ የተጣራ ትርፍ፣ የተከፈለ ካፒታልና ለአንድ አክሲዮን የደረሰውን ትርፍ ከአምናው ጋር ጎን ለጎን በአንድ ሰንጠረዥ እንዲያወጣልን እጠይቃለሁ። በወሎ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያውለው ከወለድ ነፃ በሆነ አገልግሎት ስለሆነ፣ ዘምዘምና ሒጅራን የመሰሉ ባንኮችም አይቅሩብን። ባንኮቹም ጉባኤያቸውን አዲስ አበባ ሲያደርጉ ሪፖርቱን ከስብሰባው ቀን ቀደም ብለው ወደ ደሴ ቅርንጫፎቻቸው ቢልኩ፣ መሄድ ያልቻለ ባለአክሲዮን አንብቦ ጥያቄውን በወኪሉ ማቅረብ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣዎ አንባቢ፣ ደሴ