ዱቄቱን ቀንሱት፣ ውሃውን አጥልሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። በምግብ ዓምዳችሁ ስለ ሪኮታ ኞኪ፣ ማለትም ሪኮታ ከሚባለው ለስላሳ የጣሊያን አይብ ስለሚሠራው፣ ተቆራርጦ ስለሚቀቀለው ትንንሽ ሊጥ፣ የወጣውን አነበብኩት። ሐሳቡ ግሩም ነው። ፓስታውም ላዛኛውም ቤታችን ከገቡ ስንት ዘመናቸው፣ ኞኪ ግን እንደነሱ አልተለመደም። ችግሩ በእናንተ መጠን የሠራ ሰው ሁለተኛ ወደ ኞኪ ዞር ብሎ አያይም። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ሞክራው "ጣሊያኖቹ ጥርሳቸው ብረት ነው እንዴ?" ብላ ድምፅ ላከችልኝ። እኔ የምኖረው ሮም ነው፣ እንጀራዬም ሰው ቤት ምግብ መሥራት ነው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

"ለግማሽ ኪሎ ሪኮታ 300 ግራም ዱቄት፣ ከዚያ እንደ ዳቦ ሊጥ ደህና አድርጎ ማሸት" ይላል ጽሑፋችሁ። ዱቄቱ በዝቷል፣ ማሸቱም አያስፈልግም። የስንዴ ዱቄት እርጥበት አግኝቶ በታሸ ቁጥር ውስጡ ግሉተን የሚባለው እየተሳሰረ ይጠነክራል። ዳቦ ላይ ይሄ ደግ ነው፣ አየሩን ይዞ ሊጡን የሚያነሳው እሱ ነውና። ኞኪ ላይ ግን ውጤቱ ማስቲካ ነው። እዚህ ምግብ ላይ ሰው መቅመስ የሚፈልገው አይቡን ነው፣ ዱቄቱ የሚገባው እንዳይፈርስ ያዝ ለማድረግ ብቻ ነው። ለግማሽ ኪሎ 100 ግራም ፊኖ ዱቄት ይበቃል፣ ቢበዛ 150።

ሰው ዱቄት የሚያበዛው ሪኮታው ውሃ ስለሚይዝ ነው። እጅ ላይ ሲጣበቅ ይጨምራል፣ አሁንም ሲጣበቅ ይጨምራል፣ ሳያውቀው ግማሽ ኪሎ ዱቄት ገብቶ ያርፋል። መድኃኒቱ ሪኮታውን አስቀድሞ ማጥለል ነው፣ እናንተ ደግሞ ይሄን ጭራሽ አላነሳችሁትም። ወንፊት ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ዘርጉ፣ ሪኮታውን አድርጉበት፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጡና ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ማደር ካልቻለ ሦስት አራት ሰዓት ይቆይ። ጠዋት ከሥሩ የተጠራቀመውን ውሃ ስታዩ ያ ሁሉ ዱቄት የት ይገባ እንደነበር ይገባችኋል።

"ሪኮታ ከሌለ አይብ ይተካዋል" ያላችሁትም እንዲሁ በአንድ መስመር የሚታለፍ አይደለም። የእኛ አይብ እርጎ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው ቀስ ብሎ ሞቆ የሚገኝ ነው። ቅባቱ አብዛኛው ከቅቤው ጋር ሄዷል፣ እርጎ ስለነበረም ጎምዘዝ ይላል፣ ሲጨመቅ ደግሞ ይፈረፈራል። ሪኮታ ሌላ ነው። ጣሊያኖቹ መጀመሪያ ከወተቱ ፎርማጆ ይሠራሉ፣ ከዚያ የተረፈውን አጓት እንደገና ወደ 80 እና 90 ዲግሪ ያሞቁታል፣ ያኔ አጓቱ ውስጥ የቀረው ፕሮቲን ረግቶ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ እሱን ጨልፈው ቀዳዳ ባለው ትንሽ ቅርጫት ያጠሉታል። ለስላሳ ነው፣ ጣፈጥ ይላል። እዚህ ሮም አካባቢ የሚወደደው ከበግ ወተት የሚገኘው ነው፣ ሪኮታ ሮማና የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ ነው። የበጉን አንዴ የለመደ ሰው የላሙን እንደ ሁለተኛ ነው የሚያየው፣ እኔም ከነሱ ነኝ።

እና አዲስ አበባ ያለ ሰው ምን ያድርግ? ውድ የውጭ ሪኮታ ፍለጋ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት አይዙር። 2 ሊትር ቅባቱ ያልወጣ ትኩስ ወተት ድስት ላይ ይጣድ። ታሽጎ ለወራት የሚቀመጠው ወተት በደንብ ስለማይረጋ ይቅር። ዳር ዳሩ አረፋ ሲይዝና ሊገነፍል ሲል ከእሳት ያውርደውና 3 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ ይጨምርበት፣ አንዴ ሁለቴ ብቻ ያማስለው። ካልተለያየ አንድ ማንኪያ ይድገም። ከድኖ ሩብ ሰዓት ይተወው፣ ከዚያ በጨርቅ ያጥልለው። 400 ግራም ገደማ ይወጣዋል። ከአጓት ሳይሆን ከወተት የተሠራ ነውና ጣሊያን ፊት "ሪኮታ ነው" ብላችሁ ብትምሉ ይከራከራችኋል፣ ኞኪ ላይ ግን ልዩነቱን የሚለይ ምላስ ብዙ አይመስለኝም። የግድ በአይብ ነው የሚል ደግሞ ያልጎመዘዘ አይብ ይግዛ፣ በወንፊት እያሸ ያሳልፈው፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ክሬም ይጨምርበት። ይሠራል፣ ግን ጣዕሙ ሌላ ነው።

አሠራሩ እነሆ። ከተጠለለው ግማሽ ኪሎ ሪኮታ ላይ 1 እንቁላል፣ 50 ግራም የተፈቀፈቀ ፓርሚጃኖ (ደረቅ የጣሊያን ፎርማጆ)፣ ጨውና ትንሽ የተፈጨ ገውዝ ጨምሩ። 100 ግራሙን ዱቄት ከላይ ነስንሱበትና በማንኪያ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት፣ አትሹት። ልክ ሲያያዝ እጃችሁን ሰብስቡ። እጅ ላይ ትንሽ ቢጣበቅ ጤነኛ ነው። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይረፍ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ወይም ሰሞሊና (ሸካራ የስንዴ ዱቄት) ነስንሳችሁ በአውራ ጣት ውፍረት አድቦልብሉት፣ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር እያደረጋችሁ ቁረጡት። በሹካ መስመር ማውጣቱ ለዓይን ነው፣ እኔ የማደርገው እንግዳ ሲኖር ብቻ ነው።

ሁሉንም ከመቁረጣችሁ በፊት አንዷን ውሃ ውስጥ ጣሉና ሞክሩ። ከፈረሰች አንድ ማንኪያ ዱቄት ጨምሩ። ካልፈረሰች ምንም አትጨምሩ፣ በቃ። ውሃው ጨው ይኑረው፣ ቀስ ብሎ ይፍላ እንጂ አይንተክተክ። ወደ ላይ ሲንሳፈፉ አንድ ደቂቃ ታግሳችሁ ቀዳዳ ባለው ጭልፋ አውጧቸው። እንደ መኮሮኒ ማጥለያ ላይ ገልብጣችሁ ካፈሰሳችኋቸው ይጨፈለቃሉ።

ማባያው ላይ አልከራከርም። ቲማቲም ስልስ ያምርበታል። በቅቤ ከሆነ ሮማውያኑ ሳልቪያ የሚባለውን ቅጠል ቅቤው ውስጥ ጠበስ አድርገው ነው የሚያፈሱበት። "በንጥር ቅቤ ቢሆንስ?" ብላ እህቴ ጠይቃኛለች። እኔ አልመክርም፣ ኮረሪማውና ኮሰረቱ የሪኮታውን ለስላሳ ጣዕም ይውጠዋል። ለጋ ቅቤ ይሻላል። ቶስካና ውስጥ ደግሞ ሪኮታውን ከተቀቀለ ስፒናች ጋር ደባልቀው ኙዲ የሚሉትን ይሠራሉ፣ በቆስጣም ይሆናል። ብቻ ቆስጣው እስኪደርቅ ይጨመቅ፣ አለዚያ የውሃው ጣጣ ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ሌላ ነገር። "ኦሪጅናሉ የድንች ኞኪ ነው፣ የሪኮታው ዘመን አመጣሽ ነው" ብላችኋል። ድንች እኮ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ የመጣው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ጣሊያኖች ኞኪን ከዱቄት፣ ከዳቦና ከአይብ ነበር የሚሠሩት። ሮም ውስጥ ራሱ "የሮማ ኞኪ" ተብሎ የሚቀርበው ከሰሞሊና የተሠራ ነው፣ ድንች የሚባል ነገር የለበትም።

የፍስክ ምግብ መሆኑንም ብትጠቅሱ ጥሩ ነበር። አይብም እንቁላልም አለበት። ለጾም የሚሆነው የድንቹ ነው፣ ያለ እንቁላል በዱቄት ብቻ ይሠራል። እዚህ ሮም የኞኪ ቀን ሐሙስ ነው፣ ትራቶሪያ በሚባሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ሐሙስ ሐሙስ ይቀርባል። ካቶሊኮቹ ዓርብ ሥጋ ስለማይበሉ በዋዜማው ጠገብ የሚያደርግ ነገር ይበሉ ነበር ነው የሚባለው። እኛም ረቡዕና ዓርብን ለምንጾመው ሐሙስ መሃል ላይ መግባቱ እንዴት እንደሚመች!

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም መጠኑን አርሙ። "300" የሚለውን "100" አድርጉት፣ "ደህና አድርጎ ማሸት" የሚለውን አውጡት፣ ሪኮታው ይጠለል የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። እህቴ ሌላ ግማሽ ኪሎ ልታባክን እርማቱን እየጠበቀች ነው፣ እኔን አታምነኝም፣ ጋዜጣ ላይ ካላየች።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከሮም