ጣና ዳር ሕይወቴን ላተረፋችሁልኝ ሁሉ

ባለፈው መጋቢት በባሕር ዳር ከተማ በተካሄደ የሩጫና የብስክሌት ጥምር ውድድር ላይ፣ ለማብቂያው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረኝ ሐይቁ ዳር ራሴን ስቼ ወድቄ ነበር። ዛሬ በእግሬ ቆሜ፣ ወደ ትምህርቴ ተመልሼ፣ ይህችን የምስጋና መልእክት በገዛ እጄ ለመጻፍ በቅቻለሁና ከሁሉ አስቀድሜ ዕድሜ የጨመረልኝን አምላክ አመሰግናለሁ። ቀጥሎ ምስጋናዬ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የማታውቁትን ልጅ እንደ ልጃችሁና እንደ ወንድማችሁ ይዛችሁ ላልለቀቃችሁት ለእናንተ ነው። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁን በስም አላውቃችሁም፤ የማውቃችሁም ስማችሁ እንዲነሣ አልፈለጋችሁም። ስለዚህ እያንዳንዳችሁን በሠራችሁት ሥራ እጠራችኋለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ ብዬ በደፈናው ማለፍ የተደረገልኝን ነገር ማሳነስ መስሎ ታይቶኛል።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ታቦር ነው። ሩጫን ከልጅነቴ ጀምሮ ከጉና ተራራ በሚወርደው ብርድ፣ በዳገትና በቁልቁለት የለመድሁት ሲሆን፣ ብስክሌትን ግን የተማርሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባሕር ዳር ከመጣሁ በኋላ ነው። ሜዳማ በሆነችው በዚህች ከተማ ሠራተኛውም ተማሪውም ነጋዴውም በብስክሌት ሲመላለስ እያየሁ ቀናሁ። አሠልጣኛችንም አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ይዛ የቀረበችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን እንደነበር፣ ከዚያም ከ60 ዓመት በኋላ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ እየነገረ ሁለቱን ስፖርቶች አጣምሬ እንድይዝ ያበረታታኝ ነበር። ኮርስ ብስክሌት ለመግዛት ግን አቅም አልነበረኝም። ገበያው አጠገብ ብስክሌት የሚጠግኑት ጋሼ ከተለያየ ቦታ በሰበሰቡት ዕቃ አንድ አሮጌ ኮርስ አቁመው፣ ሥራ ስትይዝ ትከፍለኛለህ ብለው ሰጡኝ። በውድድሩ ዋዜማ ሱቃቸውን ሳይዘጉ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቆይተው ሰንሰለቱን አጥበው ቀቡልኝ፤ ፍሬኑን አስተካከሉልኝ፤ የተጣመመውን የኋላ ቸርኬም አቃኑልኝ። ጋሼ፣ በዚያ ቀን ብስክሌቱ አንድም ጊዜ አላሳፈረኝም፤ የከዳኝ የራሴ ሰውነት ነው፤ እርሱንም ቢሆን እኔው ቀድሜ በደልሁት።

ይህን ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የወሰነ ትምህርቱን ዕረፍት ደብረ ታቦር ከቤተሰቤ ጋር አሳልፌ ወደ ባሕር ዳር የተመለስሁት ለውድድሩ አምስት ቀን ሲቀረው ነበር። በዕረፍቱ ወቅት በየማለዳው በብርድ ውስጥ ብዙ ስለሮጥሁ ከመቼውም ይልቅ የበረታሁ መስሎኝ ነበር። ሐኪሞቹ በኋላ እንዳስረዱኝ ግን የሰው ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ያህል በሙቀት ውስጥ መሥራት ያስፈልገዋል፤ ብርድ አገር ሲከርም ያን ልምዱን እየጣለ ይሄዳል። በዚህ ላይ ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ሆዴን አሞኝ፣ አስቀምጦኝና አተኩሶኝ ነበር። ይህን ለአሠልጣኜ አልነገርሁትም። ወቅቱ ዐቢይ ጾም በመሆኑ የንስሐ አባቴን አማክሬ በውድድሩ ዕለት ጠዋት ውኃና በሶ እንድወስድ ፈቅደውልኝ ነበር፤ ስለ ሕመሜ ግን ለእርሳቸውም አልነገርኋቸውም። ብነግራቸው እንደሚያስቀሩኝ ስለማውቅ ዝም አልሁ። አሠልጣኜ፣ ከእኔ ሕመም በኋላ ለቀናት ራስህን ስትወቅስ እንደነበር ሰምቻለሁ። ጥፋቱ የአንተ አልነበረም። በዚህ መልእክት በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታህን እለምናለሁ።

ውድድሩ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ይጀመራል ተብሎ የነበረ ቢሆንም መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ ዘግይቶ 3 ሰዓት ላይ ተጀመረ። መጀመሪያ በከተማው ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ሮጥን። ቀጥሎ ብስክሌታችንን ይዘን ግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 380 ሜትር በሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተሻግረን፣ ዘንዘልማን አልፈን፣ በጎንደር መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ሄደን ተመለስን። የቀረው የሐይቁን ዳር ይዞ የሚሮጥ 5 ኪሎ ሜትር ነበር። በብስክሌቱ ጉዞ ከሌላ ኮሌጅ የመጣ አንድ ተወዳዳሪ ከእኔ ጋር ተጣምሮ እየተፈራረቅን ነዳን። ብስክሌት የሚነዳ ሰው እንደሚያውቀው ከፊት የሚቀድመው ነፋሱን ስለሚሰብር ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው ጉልበቱን በብዙ ይቆጥባል። ይህ ልጅ ተፎካካሪዬ ሆኖ ሳለ፣ የድካሜን ምልክት አይቶ ነው መሰለኝ፣ በመመለሻው ላይ ተራዬ ሲደርስ እንኳ አንተ ቆይ እያለ ብዙውን መንገድ እርሱ ከፊት ነዳ። ስለ እርሱ ገና የምለው አለኝ።

ብስክሌት ላይ ሳለሁ ሙቀቱ አልተሰማኝም ነበር። ምክንያቱን አሁን ተረድቼዋለሁ፤ በፍጥነት ስትነዳ የሚመታህ ነፋስ ላብህን እያተነነ ያቀዘቅዝሃል፤ ወርደህ መሮጥ ስትጀምር ነፋሱ ይቀራል፤ ጡንቻህ የሚያመነጨው ሙቀት ግን አይቀርም። ድልድዩን ተሻግሬ ብስክሌቴን ካስረከብሁ በኋላ እግሬ እንደ እንጨት ደርቆ፣ በሰኔ እንደሚሆነው በሰውነቴ ሁሉ ብርድ ብርድ ሲለኝ ትዝ ይለኛል። በዚያ ሁሉ ፀሐይ ብርድ የተሰማኝ መሆኑ ሊያስቆመኝ ይገባ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ከነገሩኝ ሰዎች ብቻ ነው።

እንደ ነገሩኝ ከሆነ ሦስተኛውን ኪሎ ሜትር እየጨረስሁ ሳለሁ መንገዱን ለቅቄ ወደ ውኃው መታጠፍ ጀመርሁ። ቆሎ የምትሸጥ አንዲት እናት፣ ልጄ መንገዱ በዚያ ነው ስትለኝ፣ ከአራት ዓመት በፊት በሞት የተለየኝን አባቴን እየጠራሁ እጠብቀዋለሁ አልኋት። እርሷም ይህ ልጅ ደኅና አይደለም ብላ ጮኸች። ከኋላዬ የነበረው ያው ተፎካካሪዬ ደርሶ በብብቴ ሥር ባይደግፈኝ ኖሮ በድንጋዩ ላይ በግንባሬ እወድቅ ነበር። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ርዳታ ለማድረግ ተሯሯጠ፤ አንዱ ክብሪት ጭሮ አሸተተኝ፤ ሌላው ቶሎ ባጃጅ አምጡና ሆስፒታል እናድርሰው አለ። ሁሉም ከርኅራኄ የተደረገ ነውና አመሰግናችኋለሁ።

ውድድሩን ለማየት ከጓደኞቿ ጋር ቆማ የነበረች አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ግን ሰዉን ገፍታ ገብታ አንገቴንና ደረቴን ዳሰሰች፤ ስሜን ጠየቀችኝ፤ የምመልሰው ነገር የማይገናኝ ሲሆንባት፣ ይህ ልጅ በሙቀት ተመትቷል፤ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፤ ሆስፒታል ከዚያ በኋላ ይሄዳል አለች። አንዳንዶች ላብ በላብ ሆኖ እያዩት እንዴት ሙቀት መታው ትያለሽ ብለው ተከራከሯት። እርሷም በስፖርት ጊዜ በሙቀት የሚመታ ሰው ብዙውን ጊዜ ላቡ እንደማይቋረጥ፣ ዋናው ምልክት የሰውነት መጋልና የአእምሮ መሳት እንደሆነ እየነገረቻቸው ጫማዬን ማውለቅ ጀመረች። ገና በትምህርት ላይ ያለች ወጣት፣ በዕድሜ ታላላቆቿ ሁሉ ቸኩለው በሌላ መንገድ ሊወስዱኝ ሲሉ፣ በአቋሟ ጸንታ መቆሟ ለእኔ የሕይወትና የሞት ልዩነት ሆኗል። እኅቴ ሆይ፣ እናቴ ከዚያን ቀን ወዲህ ከእኔ ስም ቀጥላ የአንቺን ስም ሳታነሣ ጸሎቷን አትፈጽምም።

ከዚያም ደንገል አጭደው ወደ ታንኳቸው ይጭኑ የነበሩ ሁለት ወንድሞች ሥራቸውን ጥለው፣ የውኃውን ጥልቀትና መሬቱን የሚያውቁት እነርሱ ነበሩና፣ ጥልቀት ወደሌለው ጥርጊያ ተሸክመው አስገቡኝ። እስከ አንገቴ ድረስ በውኃ ውስጥ ሳለሁ እንዳልሰጥም በምን እንደሚይዙኝ ሲቸገሩ፣ ዳር ቆመው ሲመለከቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አባት የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ወረወሩላቸው። ጋቢው በደረቴ ዞሮ በብብቴ ሥር አልፎ ከኋላዬ ተያዘና ራሴ ከውኃው በላይ እንዲሆን አደረገ። በአቅራቢያው ካለው ጁስ ቤት የመጡ እኅቶች ማቀዝቀዣቸው ውስጥ የነበረውን በረዶ ሁሉ በባልዲ አምጥተው በራሴና በአንገቴ ላይ አደረጉ። የነርሲንግ ተማሪዋ በዙሪያዬ ያለው ውኃ እንዳይሞቅ በእጃችሁ አማስሉት እያለች፣ በየጥቂት ደቂቃው ስሜን እየጠየቀች ሃያ ደቂቃ ያህል አቆየችኝ። የጣና ውኃ እንደ በረዶ የሚቀዘቅዝ ባይሆንም ከሰውነቴ ሙቀት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀዝቃዛ ነበር፤ ውኃም ሙቀትን ከሰውነት የሚወስድበት ፍጥነት ከአየር ጋር የሚወዳደር አይደለም። መንቀጥቀጥ ጀምሬ ስሜን በትክክል ስናገር ያን ጊዜ አውጡት አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከራሴ በላይ የነበረውን የጋቢውን ጥለት ነው።

ወደ ሆስፒታል ያደረሰኝ የባጃጅ ሹፌር ወንበሩ በውኃ ርሶበት ሳለ ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ ማታም ተመልሶ መጥቶ ጠይቆኛል። ሆስፒታል ስደርስ ሙቀቴ 38.7 ነበር። የተቀበሉኝ ሐኪም ምልክቱን ከሰሙ በኋላ፣ ስወድቅ ከ40 በላይ እንደነበር እንደሚገምቱ፣ በዚህ ሕመም አእምሮን፣ ጉበትንና ኩላሊትን የሚጎዳው ሙቀቱ ከፍ ማለቱ ብቻ ሳይሆን ከፍ ብሎ የሚቆይበት ጊዜ እንደሆነ፣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ መቀዝቀዜ እንዳዳነኝ ነገሩኝ። ያም ሆኖ ጡንቻዬ በመጎዳቱ ሽንቴ እንደ ኮካ ኮላ ጠቁሮ ስለነበር ኩላሊቴ እንዳይጎዳ አራት ቀን ግሉኮስ ተሰክቶልኝ ቆየሁ። ሌሊት ሌሊት የሽንቴን መጠን እየለካችሁ የመዘገባችሁ ነርሶች፣ ተራ ገብታችሁ ያደራችሁ የዶርም ጓደኞቼ፣ ውለታችሁን አልረሳም። በጣና ዳር ቢልሃርዚያ ስላለ ከሁለት ወር በኋላ እንድመረመር ያሳሰቡኝ ሐኪምም ምስጋና ይድረሳቸው፤ ከእኔ ጋር ውኃ ውስጥ የገባችሁ ሁሉ እናንተም ተመርመሩ። ከተገኘም በክኒን የሚድን በሽታ ነው።

የነርሲንግ ተማሪዋ ልትጠይቀኝ በመጣች ጊዜ ይህን ከየት ተማርሽው ብዬ ጠይቄያት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ፋልማውዝ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ በየዓመቱ በሚካሄድ የጎዳና ሩጫ፣ በ18 ዓመት ውስጥ በሙቀት የተመቱ 274 ሯጮች በበረዶ ውኃ ተነክረው አንድም ሳይሞት ሁሉም እንደተረፉ ማንበቧን ነገረችኝ። በከተማችን ውድድር የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ ደክማችሁ ስላዘጋጃችሁልን እያመሰገንሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከማብቂያው አጠገብ ሰው የሚያስተኛ ትልቅ ገንዳ፣ ውኃና በረዶ እንድታስቀምጡ፣ መነሻውንም ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል እንዳታሳልፉት በትሕትና እለምናችኋለሁ። የእኔ ዕድል ሆኖ የወደቅሁት ሐይቅ አጠገብ ነው፤ ዘንዘልማ ማዶ መንገድ ላይ ብወድቅ ኖሮ ያ ሁሉ ውኃ ከየት ይመጣ ነበር?

ያ ተፎካካሪዬ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነበር። የተቀሩት ሲያልፉት እያየ እስከመጨረሻው ውኃ ውስጥ ቆሞ ግራ እጄን ይዞ ነበር። ውድድሩን ሳይጨርስ ስለቀረ ስሙ በውጤቱ ዝርዝር ላይ የለም። ወንድሜ፣ ሽልማቱን ስላሳጣሁህ ሳዝን፣ አንተ ሆስፒታል መጥተህ ብስክሌቴን ጋሼ ዘንድ እንዳደረስኸው፣ የኋላው ጎማም ተንፍሶ አግኝተህ እንዳስጠገንኸው ነው የነገርኸኝ። ሐኪሞቹ ሲፈቅዱልኝ በዚያው በጎንደር መንገድ አብረን እንነዳለን፤ ያን ቀን በመመለሻው ላይ ከፊት የምነዳው እኔ ነኝ።

ጋቢያቸውን የሰጡኝን አባት ግን እስከ ዛሬ አላገኘኋቸውም። ከውኃው በወጣሁ ጊዜ በዚያው ጋቢ ጠቅልለው ባጃጅ ውስጥ ስላስገቡኝ አብሮኝ ሄዷል። እርሳቸው በመጋቢት ፀሐይ በሸሚዝ ብቻ ቆመው ሲሸኙኝ ያዩዋቸው ሰዎች ረዘም ያሉ፣ ከዘራ የያዙና ነጭ ጢም ያላቸው ናቸው ይላሉ። እናቴ ከደብረ ታቦር መጥታ ጋቢውን በእጇ አጥባ፣ የተተረተረውን ጠርዝ ሰፍታ አጥፋዋለች። አባቴ፣ ጋቢዎ ገበያው አጠገብ ባለው የጋሼ ብስክሌት መጠገኛ በንጹሕ ፌስታል ተቀምጦ ይጠብቅዎታል። እርስዎን የሚያውቅ ሰው ይህን ካነበበ እባክዎ ይንገርልኝ፤ እኔም ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ እዚያው እገኛለሁ።

በአክብሮትና በፍቅር፣
ልጃችሁና ወንድማችሁ