ድንኳኑ ውስጥ ለተቀመጣችሁ ሁሉ፤ የምስጋና መልእክት

ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን ዓይነት ምስጋና ጽፌ ጨርሼ ነበር። «በአባታችን ድንገተኛ ኅልፈት ከጎናችን ለቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች» ብሎ የሚጀምረውን። ታላቅ ወንድሜ አነበበና «የምን ድንገተኛ? ሰውዬው አራት ወር ታሞ የለ እንዴ!» አለኝ። እውነቱን ነው። ተውኩት። እንደመጣልኝ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ነርሶቹ። የአየር ኃይል አብራሪና ጄኔራል የነበረው አባዬ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት ያሳለፈው ሆስፒታል ነው። መርፌ ይዘው ሲመጡ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን ጮክ ብለው ካላነበቡለት ክንዱን አይሰጥም። እንዲህ ያለ በሽተኛ ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ከእናንተ አንዷ ግን በሁለተኛው ሌሊት ገባት። ገና በሩ ላይ ሆና «ጄኔራል፣ ለቼክሊስት ዝግጁ?» ትለዋለች፤ አብራሪ ከበረራ በፊት ነጥብ በነጥብ እያነበበ የሚያጣራውን ዝርዝር ማለቷ ነው። አንብባ ስትጨርስ አውራ ጣቱን ያነሳላታል። መናገር ካቆመ በኋላ እንኳ ጣቱ ይነሳ ነበር። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

በዚያ ዝናብ ድንኳን የተከላችሁ የእድራችን ሰዎች፣ ወንበር የተሸከማችሁ የሰፈር ልጆች፣ ጓዳውን ተረክባችሁ እማዬን ያሳረፋችሁ ጎረቤቶች፣ ብድራችሁን በደስታ ቀን ለመመለስ ያብቃን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የቀድሞ የአየር ኃይል ባልደረቦቹ፣ ይህ ደብዳቤ በተለይ የእናንተ ነው። ከደብረ ዘይትም ከድሬዳዋም መጣችሁ። አንዳንዶቻችሁ በምርኩዝ ነው የገባችሁት። ድንኳኑ ውስጥ ያወራችሁትን ግማሹን እኛ ልጆቹ ሰምተነው አናውቅም ነበር።

እኛ የምናውቀው ቮልሷን የሚዞራትን ሰውዬ ነው። አባዬ መኪና ከማስነሳቱ በፊት ከአፍንጫዋ ይጀምርና በግራ በኩል ይዞራታል። ጎማዋን በጫማው ጫፍ ነካ ያደርጋል። ጎንበስ ብሎ ዘይት ያንጠባጠበች እንደሆነ ያያል። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ እዚያ ጋ ይቆያል። እኛ ትምህርት ቤት ረፍዶብን ውስጥ ተቀምጠን እንንጨረጨራለን። በሰልስቱ ቀን አንድ የቀድሞ የአውሮፕላን ሜካኒክ በር ላይ የቆመችውን ቮልስ አይቶ «እስከ መጨረሻው በግራ ነው የዞሯት?» ብሎ ጠየቀኝ። ለካ አውሮፕላኑንም ከበረራ በፊት የሚዞረው እንዲሁ ኖሯል። ሳቅኩ። ሐዘን ቤት ውስጥ በደንብ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ስለ አገልግሎቱ ወረቀት ላይ ያለው አጭር ነው። በ1961 ደብረ ዘይት ያለው የአየር ኃይሉ ጦር ሰፈር፣ ሐረር ሜዳ ገባ። መጀመሪያ ሳፊር ላይ ተማረ፣ ቀጥሎ ቲ-28፣ ከዚያ ጄቷ ቲ-33። አሜሪካ፣ አሪዞና፣ ዊሊያምስ ከሚባል የጦር ሰፈር የኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ትምህርት ጨርሶ ተመለሰ። ሳፊር የስዊድን አውሮፕላን ነች። በ1930ዎቹ መጨረሻ ስዊድናውያኑን እየመሩ መጥተው አየር ኃይሉን እንደገና ያቋቋሙት ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ናቸው። እኚህ ሰው በሐምሌ 1969 የእርዳታ ሥራ ላይ እያሉ ጎዴ ውስጥ ተገደሉ። አባዬ የሶማሊያን ጦርነት መጀመሪያ የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም፣ አትቀየሙኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ሰዎች አባዬ አንድ ሚግ (ሩሲያ ሠራሹ ተዋጊ ጄት) ነው የጣለው ሁለት ነው በሚል ሲከራከሩ ሰማሁ። አንድም አልጣለም። የበረራ መዝገቡ እኛ ጋ አለ። የሱ ሥራ መንገድ ላይ የሚመጣውን የታንክና የከባድ መኪና ሰልፍ መምታት ነበር። በአየር ላይ ውጊያ የሶማሊያን ሚጎች የጣሉት ሌሎች ናቸው። ከነሱ አንዱ ለገሰ ተፈራ ነው። እሱ ደግሞ ተመትቶ ወርዶ ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታስሮ በ1980 ተመለሰ። አባዬ ያላደረገውን አደረገ ሲሉት ጠረጴዛ ጥሎ የሚነሳ ሰው ነበር። ስለዚህ እባካችሁ ዜሮ በሉ።

የባትሪውን ታሪክ የነገርከን ጋሼ፣ ስምህን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመንከኝ አልጽፍም። ያልሰሙት ይስሙት ብዬ ግን ልድገመው። ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 1969። አሜሪካ መሣሪያና መለዋወጫ አቁማለች፤ አንዱን አውሮፕላን ለማስነሳት ከሌላው እየነቀሉ ነው። ከተማው መብራት አጥፍቷል። የኤፍ-5ን ሞተር ለማውጣት ጅራቱን ከነጭራሹ መንቀል የግድ ነው፤ ያን በጨለማ ነው የሚሠሩት። ሻምበሉ፣ ማለትም አባዬ፣ ንጋት ላይ የሚበርባት ያችኑ አውሮፕላን ስለሆነ አልተኛም። ልርዳችሁ አለ። መፍቻ እንዳይነካ ከለከሉት። በጨርቅ የተሸፈነ የእጅ ባትሪ አስያዙት፣ እንዲያበራላቸው። «ታዲያ ምን ያደርጋል፣» አልክ ጋሼ፣ «ቆመው ያንቀላፋሉ፤ ባትሪው ዝቅ ይላል፤ እኛ እጃቸውን ወደ ላይ እንመልሳለን። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ።» በማግስቱ ሁለቴ በሯል። መዝገቡ ላይ አየሁት። ስለ ባትሪው ግን ምንም የተጻፈ የለም።

ከዚያ ሩሲያዎቹ መጡ። የሚበሩት ሚግ ሆነ፤ አባዬም ፍሩንዜ ሄዶ እንደ አዲስ ተማሪ ተቀመጠ። ያኔ የሶቪየት ከተማ ነበረች፣ ዛሬ ቢሽኬክ ትባላለች። ይህን እንኳ ራሱ ነግሮናል፣ በሁለት ሹካዎች እያሳየ። የአውሮፕላኑን ማጋደል በሚያሳየው የአሜሪካኑ መሣሪያ ላይ አውሮፕላኑ ሲያጋድል የሚያጋድለው የአድማሱ መስመር ነው። በሩሲያው ላይ ደግሞ አድማሱ ቀጥ ብሎ ትንሿ አውሮፕላን ናት የምታጋድለው። ከፍታው በጫማ የነበረው በሜትር ሆነ፤ ፍጥነቱም በኖት፣ ማለትም በሰዓት በባሕር ማይል፣ የነበረው በኪሎ ሜትር። «ደመና ውስጥ ሆነህ አእምሮህ በእንግሊዝኛ ዓይንህ በሩሲያኛ ሲያነብ» ይልና ሹካዎቹን ያስቀምጣል።

ስኳድሮን አዛዥ ሆነ፤ ቀጥሎ የአየር ምድብ አዛዥ። እኛ ቤት ሹመት ማለት ስልክ ማለት ነበር፤ ሌሊት ይጮሃል። እሱ ራሱ የሚበርበት ቀን እያነሰ መጣ። ያኔ ወጣት አብራሪ የነበርከው ወንድማችን፣ የነገርከን ከአእምሮዬ አልወጣልኝም። የነገውን በረራ ስም ዝርዝር ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ራሱ ነበር፣ ለማንም አይሰጥም። ደግሞ ቾኩን ይዞ ብዙ ይቆማል አልከን።

በሰልስቱ ማታ ጥቁር ነጠላ ያደረጉ እናት መጡ። ባለቤታቸው ከበረራ አልተመለሰም፣ በ1970ዎቹ ውስጥ ነው። አባዬ መርዶውን በሰው አልላከም፤ ራሱ ሄደ። ተቀመጠ፤ እስኪመሽ ምንም አልተናገረም። በሚቀጥለው ሳምንትም መጣ፣ እንዲሁ ተቀምጦ ሄደ። «ሌላው ሁሉ ያወራልኝ ነበር» አሉ። እማዬ ቀና ብላ አየቻቸው። በእነዚያ ማታዎች እኛ ስብሰባ ላይ ነው ብለን እራቱን ከድነን እንጠብቀው ነበር። እትዬ፣ በዚያ ጭቃ ያን ሁሉ መንገድ በእግርዎ መምጣትዎን አንረሳም።

ግንቦት 8 ቀን 1981 የሆነውን ታውቃላችሁ። ያኔ የአየር ኃይሉ አዛዥ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሕይወታቸው አለፈ። አባዬ የጄኔራልነት ማዕረግ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ወንበሩ እንዴት እንደተለቀቀ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። አክስቶቼ እልል ሲሉ እጁን አንስቶ አስቆማቸው። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። በ1983 መንግሥት ሲቀየር እሱም እንደ ብዙ ባልደረቦቹ ታሰረ። ስለ እስሩ አያወራም ነበር፤ እኔም አልጽፍም። ከወጣ በኋላ የዞረው ቮልሷን ብቻ ነው።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ፤ ይቅር በሉኝ። የአባዬን ፎቶ የያዛችሁ፣ በተለይ ከድሬዳዋ ጊዜ፣ አንድ ኮፒ ብትሰጡን ደስ ይለናል። እማዬ ያላት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ፊቱ በሄልሜት ተሸፍኗል። ቮልሷን ለመግዛት ለጠየቃችሁኝ ሁለት ሰዎች፦ አትሸጥም።

ደግሞ እጀታው እንጨት የሆነ ጥቁር ጃንጥላ ድንኳኑ ውስጥ ተረስቶ ቀርቷል። በሩ ኋላ ሰቅለነዋል። ባለቤቱ በአርባው ቀን ሲመጣ ይውሰደው።